የአስታራቂ ሙዚየም ይሠራ፤ ምስጢሩ ግን ይጠበቅ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ለአንድ የወሎ አበጋር ሕይወትና ሥራ መታሰቢያ የሚሆን ሙዚየም በደሴ እንዲሠራ ስለመጠየቅ፣ ስለ አሠራሩም ሐሳብ ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ደሴ የመኳንንት ቤት አላጣችም። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ሙዚየም ሆኖ ኖሯል። የሌለን የአስታራቂ ቤት ነው። ጠመንጃ ይዞ የዘመተውን ስሙን ጠርተን እንፎክርበታለን። ደም የተቃቡ ሁለት ወገኖች መሀል ገብቶ ያስማማውን ግን የሚያውቁት የታረቁት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ለአንድ የወሎ አበጋር፣ ማለትም ደም ለሚያደርቅ የአገር አስታራቂ፣ ደሴ ውስጥ ሙዚየም ይሠራ። ደብዳቤው የረዘመው አሠራሩ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ስለ አበጋር ለእናንተ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ወሎን የማያውቅም ያነበዋል። ለእሱ ስል ጥቂት ልበል።

በወረባቦ፣ በቃሉ፣ በተሁለደሬ፣ በሀብሩ፣ በአምባሰል ገጠሮች ሰው ሲገደል ነገሩ በገዳዩና በሟቹ አያበቃም። ገዳዩ ይሰወራል። ወንድሞቹና የአጎቱ ልጆች ገበያ መውጣት ይፈራሉ። እርሻ ጦሙን ያድራል። ፖሊስ ይዞት፣ ፍርድ ቤት ፈርዶበት ቢታሰርም ቂሙ ቤቱን አይለቅም። ፍርድ ቤት የሚቀጣው አንድ ሰው ነው፤ ጠቡ ያለው ግን በሁለት ዘመድ መሀል ነው። የእስር ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ በር ላይ የሚጠብቀው ሊኖር ይችላል። እሱ ካልተገኘ ወንድሙ አለ። አበጋሩ የሚጠሩት ይህንን ለመዝጋት ነው። ብዙ ቦታ ኃላፊነቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ምርቃታቸው ይፈለጋል፣ እርግማናቸው ይፈራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። ሽማግሌ ይመላለሳል፣ እውነቱ ይጣራል፣ ጉማው (የደም ካሳው) ይቆረጣል፣ ይማማላሉ፣ ዱአ ይደረጋል፣ ይታረዳል፣ አብረው ይበላሉ። ዝርዝሩ እንደየአካባቢው ይለያያል። ደም ደረቀ የሚባለው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሙዚየሙ ልግባ።

አንድ ሰው ይመረጥ እላለሁ። ይህ ብዙዎችን እንደማያስደስት አውቃለሁ። «ለምን የሁሉም ፎቶ አይሰቀልም?» መባሉ አይቀርም። የሁሉም ፎቶ ሲሰቀል ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ግድግዳው በክፈፍ ይሞላል፣ ከሥሩ ስምና የትውልድ ዘመን ይጻፋል፣ ጎብኚው እያዛጋ ያልፋል። የአንድ ሰው ሕይወት በደንብ ቢነገር ግን ልጅም ሆነ አዋቂ ቆሞ ይሰማል። የማን ልጅ ነበሩ? መጀመሪያ ለእርቅ የተቀመጡት ከማን አጠገብ ሆነው ነው? ማን እምቢ አላቸው? ማን በር ዘጋባቸው? የከሸፈው እርቅ በተለይ ይነገር። ሁሉ የሰመረለት አስታራቂ የለም። አለ ከተባለም ገድል ይጻፍለት እንጂ ሙዚየም አያስፈልገውም።

ማን ይሁኑ ለሚለው ስም አልጠራም። በሕይወት ከሌሉት መካከል ይሁን፣ ቤተሰባቸው ይፍቀድ። ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው ባይሆን ደስ ይለኛል። ባለሥልጣን ሲያስታርቅ ሕዝቡ እሺ የሚለው በፍቅር ይሁን በፍርሃት አይታወቅም።

በሌላ አገር ለሰላም ሰዎች የተሠሩትን ቤቶች ብትመለከቱ ይጠቅማል። እኔ የምወደው በሕንድ አህመዳባድ፣ በሳባርማቲ ወንዝ ዳር ያለውን የማህተማ ጋንዲን ነው። ጋንዲ ከ1917 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. የኖሩበት ግቢ ነው። ታዋቂውን የጨው ጉዞም የጀመሩት ከዚያው ነው። ሙዚየሙን የነደፈው ቻርልስ ኮሪያ የተባለ አርክቴክት ሲሆን ያኔ ገና ወጣት ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የመረቁት ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ናቸው። የአገር አባት ሙዚየም ነውና ትልቅ ነገር ትጠብቃላችሁ። ኮሪያ ያደረገው ግን ስድስት በስድስት ሜትር የሆኑ ትንንሽ ክፍሎችን ጎን ለጎን መደርደር ነው። የጡብ ምሰሶ፣ የሸክላ ክዳን፣ የድንጋይ ወለል፣ የእንጨት በር። አንዱ ክፍል ግድግዳ አለው፣ ሌላው ክፍት ነው። መሀሉ ላይ ውሃ ያለበት ግቢ አለ። ወደፊት ቢያስፈልግ ሌላ ክፍል ይቀጠላል። ቤቱ ጋንዲ ይኖሩበት ከነበረው ቤት ጋር አይፎካከርም። ውስጡ ያለው ዋናው ሀብትም ደብዳቤያቸው ነው። ሰውዬው ዕቃ አልነበራቸውማ!

የእኛም አበጋር ዕቃ የላቸውም። አጎዛ፣ ከዘራ፣ መቁጠሪያ፣ ጀበናና ሲኒ። አለቀ። ይህንን ወስዶ አሉኮቦንድ በለበሰና ሰማያዊ መስታወት በተገጠመለት ፎቅ ውስጥ ማስቀመጥ ሰውየውን ማዋረድ ነው። የደሴ አዳዲስ ሕንፃዎች ይህንን መልክ ስለወደዱት ነው አስቀድሜ የምናገረው። ለዚህ ቤት የአካባቢያችን ድንጋይ ይበቃል። አንድ ወለል ይሁን፣ ፎቅ አያስፈልገውም። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ክረምት ላይ ቤት ድረስ ይገባል። ስለዚህ ክዳኑ ሰፊ ታዛ ይኑረው፣ ጎብኚው ዝናብ ሳይነካው ከክፍል ክፍል ይሂድ። የኮሪያን የግቢ ውሃ ግን አንቅዳ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ራሱ ያበዛልናል። ግቢው ውስጥ ወይራ ይተከል። ዋርካ የሽምግልና ዛፍ ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ግን ዋርካ ቆላና ወይና ደጋ ይስማማዋል። ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። እባካችሁ ባሕር ዛፍ ብቻ አትትከሉ።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ድንጋዩም ዛፉም አይደለም።

የጋንዲ ደብዳቤ ለሕዝብ ክፍት ነው። ደቡብ አፍሪካ ሮበን ደሴት የሚገኘው እስር ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. ሙዚየም ሲሆን፣ ጎብኚውን የሚያስጎበኙት እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ሆኑ። ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉበት ቦታ ነው። የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳዩንና ተበዳዩን የሰማው በአደባባይ፣ በካሜራ ፊት ነበር። የእነሱ እርቅ በመናገር የመጣ ነው። ሙዚየማቸውም ቢናገር ያምርበታል።

የእኛው ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። እውነቱ በሽማግሌ ፊት ይወጣል፣ አንድም ሳይቀር ይመረመራል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሲማማሉ ነገሩን ዳግም ላያነሱ ነው። ከዚያ በኋላ የገዳይ ልጅና የሟች ልጅ አንድ ገበያ ይውላሉ። አንዳንዴም ይጋባሉ። በሠርጉ ላይ ማንም ተነሥቶ «ያኔ እኮ አባትህ…» አይልም። ያለ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

የእናቴ አጎት ለእርቅ ይጠሩ ነበር። ከሄዱበት ሲመለሱ ቤተሰቡ «እንዴት ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። «አልሐምዱሊላህ» ካሉ ሰምሯል ማለት ነው። «አላህ ያውቃል» ካሉ ገና ነው። ከዚያ ያለፈ ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ ሚስታቸው እንኳ አትሰማም። ልጆቻቸው ዛሬ ስለ አባታቸው ሥራ ቢጠየቁ የሚያውቁት የሄዱበትን አገር ስም ነው። ማን ከማን እንደታረቀ አያውቁም። አንዳንድ ሰው ይህንን «ታሪካችን ጠፋ» ብሎ ያዝንበታል። እኔ አላዝንም። እሳቸው ነግረውን ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን አንዱ ጠጅ ቤት ያወራው ነበር።

እንግዲህ ሙዚየም እንሥራ ስንል የደረቀ ደም በመስታወት ሣጥን አስቀምጠን ትኬት ልንቆርጥበት ነው? እንደዚያ ከሆነ ቢቀር ይሻላል። የተገደለበት ጥይት፣ የተወጋበት ጩቤ፣ የሟች ልብስ የሚባል ነገር በሩን እንዳያልፍ። አንድ ጎረምሳ የአያቱን ስም «ገዳይ» ተብሎ ግድግዳ ላይ ቢያነብ፣ የዚያ አበጋር የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ከሰዓት ይፈርሳል። ሙዚየሙ የተሠራላቸውን ሰውዬ ቃል ያጠፈ ይሆናል።

መፍትሔ አለው። እርቁ ሲካሄድ ደረጃ በደረጃ ምን እንደሚደረግ ይነገር፤ ስሙ፣ ቀበሌው፣ ዘመኑ ይቅር። ከብዙ እርቆች ተውጣጥቶ አንድ ታሪክ ይሠራ። የአንድ ጉዳይ ትክክለኛ ታሪክ ቢፈለግ እንኳ ሁለቱም ወገን ይጠየቅ። አንዱ ብቻ እሺ ቢል አይበቃም። ሽማግሌዎች የሚሰጡት ቃል በድምፅ ይቀዳ፤ ስም ያለበት ቅጂ ግን ሁለት ትውልድ እስኪያልፍ ይታሸግ። የሚታሸግበት ደንብም ቁልፉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ጽፎ አስቀድሞ ይጽደቅ። የመምሪያው ኃላፊ ሲቀየር ደንቡ አብሮ እንዳይቀየር።

አንድ የዲዛይን ሐሳብ አለኝ። ሳስበው ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ላብራራው።

እርቅ ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች አይገናኙም። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይቀመጣል። የሚመላለሰው ሽማግሌ ነው። ሙዚየሙም ሁለት በር ይኑረው። ትኬት ቆራጩ አንዱን ጎብኚ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ይላከው። ጓደኛሞችም ይለያዩ፣ ባልና ሚስትም ይለያዩ። በቀኝ የገባው የሟችን ቤተሰብ ታሪክ ይሰማል። ሐዘኑን፣ ንዴቱን፣ «ወንድ ከሆንክ» እያለ የሚወተውተውን ዘመድ። በግራ የገባው የገዳዩን ቤተሰብ ይሰማል። ፍርሃቱን፣ ያልታረሰውን መሬት፣ ከትምህርት ቤት የቀሩትን ልጆች። አንዱ የሌላውን አያይም። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የሚችለው አስጎብኚው ሽማግሌ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር ይገናኛሉ፤ ቡና ይቀርባል። የወይዘሮ ስሂን ወይም የመምህር አካለወልድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እዚያ ሲደርሱ «አጥፊው ማን ነው?» ብለው እንደሚጨቃጨቁ አልጠራጠርም። ይጨቃጨቁ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ያስቀምጧቸውና ሽምግልና እንዴት እንደሚጀመር ያሳዩዋቸው።

ከግቢው ጀርባ ደግሞ ጎብኚ የማይገባበት አንድ ክፍል ይሁን። እውነተኛ ሽምግልና ይቀመጥበት። የመሬት ወሰን፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የመኪና አደጋ ካሳ፣ ውርስ። ክፍያ የለም። ባነር አይሰቀልበትም፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባም አይጠራበትም። ይህች ክፍል ብቻዋን ብትሠራና ሌላው ሁሉ ቢቀር እኔ አልከፋም።

ስም ይደበቅ ስላልኩ ግን ሁሉ ይሸፋፈን ማለቴ አይደለም። የግለሰብ ገመና ሌላ፣ የአገር ታሪክ ሌላ። ማንዴላን እንደገና ላንሳ። በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ከኢትዮጵያ የተሰጣቸው ሽጉጥም ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ሊሊስሊፍ በሚባል እርሻ ውስጥ ተቀበረ። ብዙ ቢፈለግም አልተገኘም። እርሻው ኋላ ሙዚየም ሲሆን የሽጉጡ ታሪክ አብሮ ይነገር ነበር። የሰላም ሰው ሲባል ጠመንጃ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይመስለናል። የእኛም አበጋር ጠመንጃ ባለው አገር የኖሩ ናቸው። ምናልባት እሳቸውም ቤት አንድ አሮጌ መሣሪያ ተሰቅሎ ነበር። ይነገር። ወዳጃ (የዱአ ስብስብ) ላይ ጫት አለ፤ ጫቱም አይደበቅ። «ለወጣቱ መጥፎ አርአያ ይሆናል» ብሎ ከፎቶው ላይ የሚያስቆርጥ ባለሙያ እንዳይመጣብን እፈራለሁ።

ከሁሉም በላይ ቦሩ ሜዳ ይነገር። ወሎ የመቻቻል አገር ነው ማለት እንወዳለን፣ እኔም እላለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ መሐመድና ገብረ ሥላሴ ወንድማማች የሚሆኑበት አገር ነው። ግን ከከተማችን ብዙ በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተገኙበት ጉባኤ ምን እንደተወሰነ ይታወቃል። የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲቀይር ተገደደ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ አሊ የተጠመቁት ያኔ ነው። ሼህ ጦልሃ ደግሞ አንቀበልም ብለው ተነሡ። ብዙ ደም ፈሰሰ። አብሮ መኖሩ ከዚያ ሁሉ በኋላ የቆየው ሰው ስለሠራለት ነው። ይህ ክፍል ከሌለ የአበጋሩ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ማር በወተት በሆነ አገር ማን አስታራቂ ይፈልጋል?

ዱበርቲዎችም፣ ዱአ የሚያደርጉት እናቶች፣ ቦታ ይሰጣቸው። አበጋርነት በወንድ ስም ቢጠራም ቡና አፍልተው ዱአ የሚያደርጉት፣ ልጆቻቸውን «ተው» ብለው የሚገዝቱት እናቶች ናቸው። ጥግ ላይ «የሴቶች ሚና» የሚል አንድ ሰሌዳ ለጥፎ ማለፍ ግን ስድብ ነው። የሟች እናት እሺ ሳትል የተቋጨ እርቅ እንደማይጸና ማንኛውም ሽማግሌ ይነግራችኋል። በሁለቱም በር በኩል ጎብኚው የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የእናት ድምፅ ይሁን።

ስለ ድምፅ ካነሣሁ፣ ሀብቱ ያለው እዚያ ነው። መንዙማው፣ ምርቃቱ፣ ዱአው፣ የሽማግሌው ምሳሌ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛም ይቀዳ፤ ጠቡም እርቁም ወሰን ተሻግሮ ነው የሚሄደው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የፎክሎር ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ገጠር መውረዳቸው አይቀርም፤ መቅረጫ ይዘው ይውረዱ። ቅጂውም አንድ ቦታ አይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ምን እንደደረሰበት ሁላችንም አይተናል። የተዘረፈ ቅርስ ምትክ የለውም። ድምፅ ግን ደሴ አንድ፣ ኮምቦልቻ ካምፓስ አንድ፣ አዲስ አበባ ቤተ መዛግብት አንድ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜ ግን አይሰጥም። የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል።

ስለ ቦታው፣ አዲስ መሬት ፍለጋ አትግቡ። የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦለት ሣር የበቀለበት ፕሮጀክት አገሩን ሞልቶታል። ቤት ለመሥራት ገንዘብ ካልተገኘ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ግቢ ውስጥ በአንድ ክፍልና በአንድ ዛፍ ይጀመር።

አሁን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዲዛይኑ ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት የየወረዳው አበጋሮችና ዱበርቲዎች ተጠርተው ምን ሊታይ እንደሚችልና ምን ሊታይ እንደማይገባ ይወስኑ። አርክቴክቱም በዚያ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ፤ እርሳሱን በኋላ ያወጣል። ሁለተኛ፣ የማሸጊያው ደንብ ረቂቅ ለሕዝብ ይውጣና አስተያየት እንስጥበት።

ስብሰባውን ሰኞ አታድርጉት። ሰኞ ገበያ ነው፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው ጉዳይ አለበት። ዓርብም ጁምዓ አለ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን፣ የመመለሻ ትራንስፖርትም ቢታሰብላቸው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ
ለደሴ ሙዚየም
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም